ጦስኙ ያሸነፈ ዕለት

አያትዬዋ ቤተ ሙከራ ውስጥ ቁጭ ብላ፣ ሁለት እጇን ጉንጮቿ ላይ አድርጋ ብልቃጡ ላይ አፍጥጣለች። የልጅ ልጇ፣ የዕፅዋት ተመራማሪዋ፣ አያቷ መስኮት ላይ በጣሳ ካበቀለችው ጦስኝ የተጨመቀውን ውሃ ሐምራዊ ፈሳሽ ውስጥ ጠብ ጠብ ስታደርግ፣ ፈሳሹ ቀለሙን ቀስ በቀስ ለቀቀና ቢጫ ሆነ።

«እሰይ! እሰይ!» አያትዬዋ ከወንበሯ ብድግ አለች። «ምን ሆኖ ነው ግን?»

ተመራማሪዋ እየሳቀች አስረዳቻት። ብረት እንደሚዝግ ሁሉ ሰው ገላ ውስጥም እንደ ዝገት ያለ ነገር አለ፤ የደም ሥርንም ልብንም ይጎዳል። ሐምራዊው ፈሳሽ የዚያ አዛጊ ነገር ተወካይ ነው። ጦስኙ አሸነፈው።

«የኔ ጦስኝ!»

ደስ ቢላት አይፈረድባትም። ባሏ፣ ጡረታ የወጣው መካኒክ፣ ልቡን ከታመመ ወዲህ እንቅልፍ በዓይኗ አይዞርም፤ ትንፋሹን ስታዳምጥ ነው የሚነጋላት። እና የልጅቷን ወሬ እስከ መጨረሻው ማን ይስማ! ኮሪደር ወጥታ ደወለችለት።

«ስማኝማ! ጦስኙ ዝገቱን ድራሹን አጠፋው! በዓይኔ በብረቱ አየሁት!»

«ለልብ ነው?»

«ለልብ ነው እንጂ ለምን ሊሆን!»

«ተገላገልኩ በያ! ያንን ክኒን አሁኑኑ ሽንት ቤት ነው የምደፋው። የቀረውንም ጦስኝ ነቅዬ እጥደዋለሁ።» ስልኩን ጆሮዋ ላይ ዘጋው።

መልሳ ብትደውል ማን ያንሳ። ፊቷ አመድ መሰለ። ተመራማሪዋ ተከትላት ወጣች።

«እማማ፣ ምን አልሽው?»

«ምን ያላልኩት አለ! ክኒኑን ሊጥለው ነው!»

«ኧረ ይሄ ብልቃጥ ነው እንጂ ልብ አይደለም! ሆድ ገብቶ፣ ጉበት አልፎ ምን እንደሚሆን ገና አላወቅንም። ከክኒኑ ጋር ቢጣላስ? ክኒኑን በድንገት ካቋረጠ ደግሞ…»

አያትዬዋ የቀረውን አልሰማችም፤ ቦርሳዋን ብብቷ ሥር ወትፋ ታክሲ ውስጥ ገብታለች። መንገዱን ሁሉ፣ «ንዳው እንጂ ልጄ፣ መሪውን ታባብለዋለህ እንዴ!» እያለች ሹፌሩን መቆሚያ መቀመጫ አሳጣችው።

ስትደርስ መካኒኩ ክኒኖቹን መዳፉ ላይ ዘርግፎ ሽንት ቤቱ በር ላይ ቆሟል። ኩሽና ውስጥ ድስቱ ይንተከተካል።

«እንዳትጥለው!»

«ዝገቱ ጠፋ ያልሽኝ አንቺው አይደለሽ? ታዲያ ይሄ ምን ይሠራልኛል?»

ብትለምነውም፣ ብታለቅስበትም ፍንክች እንደማይል ታውቃለች። ይህ ሰው የሚሰማው የጋራዥ ቋንቋ ብቻ ነው። ትንፋሿን ሰበሰበችና፣

«እስቲ ንገረኝ፣ አንተ የመኪና ሐኪም፤ ደንበኛህ ‹ፀረ ዝገት ቀብቻለሁና ፍሬኑን ፍታልኝ› ቢልህ ትፈታለታለህ?»

መካኒኩ መዳፉ ላይ ያሉትን ክኒኖች አየ። ከዚያ ሳቁ አመለጠው።

«ከነመኪናው ነው የማባርረው!»

«እንግዲያው እኔም ሳላባርርህ ዋጥ!»

«ጦስኙስ?»

«ሐኪምህን እንጠይቃለን። እስከዚያ ድስቱን አውርድ።»

የዕለቷን ክኒን አስቀርታ ሌሎቹን ወደ ጠርሙሳቸው መለሰችና ውሃ አቀበለችው። እየተነጫነጨ ዋጠ።

«አፍህን ክፈት። ምላስህን አንሳ!»

«ልጅ አደረግሽኝ እኮ፣ አንቺ ሴትዮ!»

«ከሆንክ ቆይተሃል!» አለችና፣ እዚያው ደፉ ላይ ቁጭ ብላ እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች።