የእናቱ ጃንጥላ

ፀጉር አስተካካዩን የሰፈሩ ሰው «ቶንዶስ» ይለዋል፤ ማሽኑን ገና ሳይጨብጠው እጁ እንደ ፀጉር መቁረጫ ማሽኑ ይነዝራልና። ቀልዱ መጀመሪያ ላይ እሱንም ያስቀው ነበር። ኋላ ደንበኞቹ «ጆሯችንን እንፈልገዋለን» እያሉ አንድ በአንድ ወደ ማዶው ፀጉር ቤት ሲሻገሩ ሳቁ ቀረ፤ መጠጡ ግን አልቀረም።

እናቱ ያልለመነችው ልመና የለም። አንድ ቀን ገና ከሥራ እንደገባ፣ «ልጄ፣ ከክሊኒኩ ጀርባ መጠጥ ያስቸገራቸው ሰዎች ሐሙስ ሐሙስ እየተሰበሰቡ ይረዳዳሉ አሉ። አንዴ ሄደህ ብታያቸው ምን ይጎዳሃል?» አለችው። እሱ ሞቅ ብሎት ነበር።

«ካማረሽ አንቺ ሂጂ!» ብሎ የመኝታ ቤቱን በር ፊቷ ላይ ዘጋው።

ከዚያ ወዲህ ስለ ስብሰባው ትንፍሽ አላለችም። ሐሙስ ሐሙስ አመሻሽ ላይ ጃንጥላዋን ይዛ ስትወጣ፣ የጡረተኞች ማኅበር ገብታ ይሆናል፣ እሰይ ከንዝንዝ ተገላገልኩ አለ እንጂ የት ነው የምትሄጂው ብሎ አልጠየቃትም። የእናት ነገር፤ አለች ሲሉ መቼ ትጠየቃለች!

ከአጭር ሕመም በኋላ ሞተች። ቀብሯ ላይ የማያውቃቸው ሰዎች ከዘመድ ፈንጠር ብለው ቆመው ያለቅሱ ነበር። ከመካከላቸው አንዱ፣ ጡረታ የወጣ የአውቶቡስ ሾፌር፣ እጁን ጨብጦ፣ «እናትህ ጃንጥላቸውን እኛ ጋ ረስተዋል። ሐሙስ ከሥራ ስትወጣ ከክሊኒኩ ጀርባ ብቅ በልና ውሰደው» አለው። ቶንዶስ ግራ ገባው። እናቱ የሳል ሽሮፕ እንኳ ያዞረኛል የምትል ሴት ነበረች። ምናልባት ቤቱን ትጠርግላቸው ኖሮ ይሆናል ብሎ አሰበ።

ሐሙስ ደረሰ። ድፍረት እንዲሆነው አንድ ሁለት ብሎ ሄደ። ክፍሉ ድሮ የመድኃኒት መጋዘን ነበር፤ የፕላስቲክ ወንበሮች ክብ ሠርተው ተደርድረዋል፣ ጃንጥላው በሩ አጠገብ ሚስማር ላይ ተንጠልጥሏል። አንሥቶት ሊወጣ ሲል ሾፌሩ፣ «አረፍ በል እንጂ፤ ስለ እሳቸው ትንሽ ልናወራ ነው» አለው። ይሉኝታ ይዞት ባዶው ወንበር ላይ ተቀመጠ።

አንዲት የሆስፒታል ልብስ አጣቢ ጀመረች። «እናታችን ሰው አያሙም፤ የሚያሙት ራሳቸውን ብቻ ነበር። ጠርሙሱን የሽንት ቤቱ ውሃ ማጠራቀሚያ ውስጥ እደብቃለሁ ሲሉን፣ ለካ እንዲህ የማደርገው እኔ ብቻ አይደለሁም ብዬ ቀለል አለኝ።»

ቶንዶስ ክው አለ። ያንን መደበቂያ ከእሱ በቀር የሚያውቀው ያለ አይመስለውም ነበር።

«እኔ የማልረሳው የባላቸውን ቀብር ነው» አለ ሾፌሩ። «ሰክረው ተኝተው ቀሩ። አፈር ሲለብስ አጠገቡ አልነበርኩም እያሉ ስንቴ አለቀሱ!»

ውሸት ነው። አባቱ ሲቀበር እናቱ መቃብሩ ራስ ላይ ብቻዋን ቆማ ነበር። ቤት ሰክሮ የተኛው ልጇ ነው።

«ደግሞ ኬኩ» አለች አጣቢዋ፣ እንባዋን በሶፍት እየጠረገች። «አንድ ሳምንት ሙሉ ሳይጠጡ ከረሙና ኬክ ገዝተን አጨበጨብንላቸው። አልቀመሱትም። ጠቅልለው ይዘውት ሄዱ።»

ያን ኬክ ያስታውሰዋል። በገዛ ራሱ ልሞክረው ብሎ መጠጥ ያቆመባት ያቺ አንዲት ሳምንት ነበረች። እናቱ ከውጭ ገብታ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችለትና «ብላ፣ ያንተ ነው» አለችው። ከየት አመጣሽው ሳይል በላው። በማግስቱ መልሶ ጠጣ።

«ምን ያደርጋል፣ አልሆነላቸውም» አለ ሾፌሩ ከወንበሩ እየተነሣ። «በሉ፣ መጠጥ ያሸነፋቸውን እናታችንን ቆመን እናስባቸው።»

ሁሉም ተነሡ፤ እሱም ጃንጥላውን እንደያዘ ተነሣ። በሩ ክፍት ነው። ዝም ብሎ ቢወጣ የሚያውቅበት የለም፤ እናቱ ግን በእነዚህ ሰዎች ልብ ውስጥ ሰካራም ሆና ልትቀር ነው።

«እናቴ ቀምሳ አታውቅም» አለ። ከፍ አድርጎ ደገመው። «እናቴ መጠጥ ቀምሳ አታውቅም። ጠርሙሱን የምደብቀው እኔ ነኝ። አባቴ ሲቀበር የተኛሁት እኔ ነኝ። ኬኩንም እኔ ነኝ የበላሁት። ዛሬም ጠጥቼ ነው የመጣሁት።»

አጣቢዋ አፏን በእጇ ያዘች። ሾፌሩ ወደ ቶንዶስ ዞሮ፣ «ታዲያ እሳቸው እዚህ ምን ሊሠሩ ይመጡ ነበር?» አለ።

«እሷማ እኔን ሂድ አለችኝ። እኔ ካማረሽ አንቺ ሂጂ አልኳት።» ጃንጥላውን ወደ ደረቱ አስጠጋ። «ሄደችልኝ።»

አጣቢዋ መጥታ ጃንጥላውን ከእጁ ተቀበለችውና መልሳ ሚስማሩ ላይ ሰቀለችው። «ለሚመጣው ሐሙስ ይቆይህ» አለችው።