የተባረረ አሠልጣኝ እሑድ

ኤርሜስ ጋላፊኒ ከካስቴልሮቬሬ ቡድን አሠልጣኝነቱ የተባረረው በኅዳር፣ ጭጋጉ ከፖ ወንዝ ተነሥቶ ሜዳውን መዋጥ በጀመረበት ሰሞን ነበር። ፕሬዚዳንቱ ቶሴቲ የቋሊማ ፋብሪካ ባለቤት ነው፤ ኳስንም ከቋሊማው እኩል አውቃለሁ ባይ ነው። በዚያ ዓመት ሁሉም ያበደለት አዲስ ጥበብ ነበር፤ ተከላካይ ቦታ ይጠብቅ እንጂ ሰው አይከተል የሚሉት። ቶሴቲም ልቡ በዚህ ጠፋ። ኤርሜስ ደግሞ ዕድሜውን ሁሉ ሰው ሲከተል የኖረ ተከላካይ ነበር። "ቦታ ጎል ሲያገባ አይተው ያውቃሉ?" ብሎ ቶሴቲን ቢጠይቀው፣ በማግስቱ ፋውስቶ የሚባል ጸጉሩን በቅባት ያስተኛ ወጣት አሠልጣኝ መጣ።

ሆኖም በዚያ አገር የተባረረ አሠልጣኝ ጨርሶ ተባረረ አይባልም። ውሉ እስኪያልቅ የቡድኑ ሰው ነው፤ ሌላ ቡድን መያዝ አይችልም፤ ተተኪው ካልቀናው ስልክ ተደውሎለት ወደ ወንበሩ ይመለሳል። እንዲህ ሆነና ኤርሜስ ቤቱ ቁጭ ብሎ ስልክ ይጠብቅ ጀመር። ጣጣው እዚህ ላይ ነው። ስልኩ እንዲጮህ ቡድኑ መሸነፍ ነበረበት።

ቡድኑ ደግሞ ለኤርሜስ እንዲሁ ቡድን አይደለም፤ የተጫወተበት ወጣትነቱ ነው። ዝናብ ጠጥታ እንደ ድንጋይ የምትከብደው ቡናማ ኳስ፣ መልበሻ ክፍሉን የሚያፍነው የካምፎር መታሻ ቅባት ሽታ፣ እግሩን የሚያሹለት የሽማግሌው አማቶ ሻካራ እጆች፣ ሁሉም ዓይኑ ላይ ነበሩ። የስኳር ፋብሪካ ሠራተኞች ከፈረቃ እንደወጡ፣ ቱታቸውን ሳያወልቁ መጥተው ስሙን ይጠሩ ነበር። ኒቬስም ያኔ ገና ሚስቱ ሳትሆን ከአጥሩ ኋላ ጃንጥላ ይዛ ትቆማለች፤ ጨዋታው ሲያልቅ "ዛሬ ደግሞ የማንን ቁርጭምጭሚት በላህ?" ትለዋለች። እንዲያ የሣቀበት ዘመን ዳግም አልመጣም። በአሠልጣኝነት ከከተማ ከተማ ሲዞር ኖሮ፣ በስተርጅና ወደዚያው ሜዳ ሲመለስ ዓለም የተሰጠው መስሎት ነበር።

እሑድ እሑድ ከቤት አይወጣም። የተባረረ አሠልጣኝ ጨዋታ ሊያይ ከገባ፣ የቡድኑን ሞት ሊጠራ የመጣ ጉጉት ይሉታል፤ የሚመታ ምሰሶና የሚሳት ቅጣት ምት ሁሉ በእሱ ላይ ይላከካል። ስለዚህ መስኮቱን ከፍቶ የሕዝቡን ድምፅ ያዳምጣል። ጩኸት ሲሰማ ጎል ገባ ይላል፤ ዝምታው ሲረዝም ገባብን ይላል።

አንድ እሑድ ዝምታው በጣም ረዘመ።

"ተሸነፉ?" አለችው ኒቬስ።

"ተሸነፉ።"

"ታዲያ ፊትህ ምን አበራው?"

አፈረ፤ እንዲያ አፍሮ አያውቅም።

በሚያዝያ የቀድሞው ግብ ጠባቂ፣ የዛሬው ጸጉር ቆራጭ ቱሊዮ ቡና ቤቱ ውስጥ ካርታውን እያደለ ጎኑን ጎሰም አደረገው።

"ሚስተር፣ ፊሽካህን ፈልግ።" ተጫዋች ለአሠልጣኝ የሚሰጠውን ማዕረግ ቱሊዮ ለማሾፊያ ነው የሚጠቀምበት። "ቶሴቲ የእኔው ወንበር ላይ፣ ፊቱ አረፋ ተቀብቶ ነው የነገረኝ። እሑድ ካላሸነፍን ማክሰኞ ልምምዱን የምትመራው አንተ ነህ።"

"ካሸነፍንስ?"

"ካሸነፍንማ ወደ ታችኛው ዲቪዚዮን ከመውረድ ተረፍን፤ ፋውስቶም ለከርሞ ይቀጥላል። አንተ ቲማቲምህን ትኮተኩታለህ። በዚህ ዕድሜህ ሌላ ማን ይጠራሃል ብለህ ነው?"

"ምላስህ ይቆረጥ!"

"እውነት ነዋ!"

እውነት ነበር፤ ኤርሜስም ያውቀዋል። እሑድ ሲደርስ ቤት መቀመጥ አቃተው። ባርኔጣውን እስከ ቅንድቡ ደፍቶ ከቱሊዮ ጋር ከጎሉ ኋላ፣ ከሽቦው አጥር ሥር ቆመ። አንዳንዱ አየውና እንደ አገሩ ልማድ ሁለት ጣቱን ወደ መሬት ቀስሮ ክፉ ዕድልን አባረረ። እሱ እንዳላየ ሆነ።

ካስቴልሮቬሬ ቀደም ብሎ አንድ ጎል አገባ። ከዚያ በኋላ የነበረው ሁሉ ጭንቅ ነው። ኤርሜስ እጁን ኪሱ ውስጥ ጨብጦ፣ አንዴ ይግባ፣ አንዴ አይግባ እያለ ከራሱ ጋር ይሟገታል። ዳኛው ሰዓቱን ማየት በጀመረበት ደቂቃ እንግዳው ቡድን የማዕዘን ምት አገኘ። ሜዳው ጸጥ አለ፤ ካህን የገባ ይመስል ነበር።

ኤርሜስ ከሁሉ በፊት ያየው አንድ ነገር ነው። ሎሪስ፣ ከሕፃንነቱ ጀምሮ ራሱ ያሠለጠነው ተከላካይ፣ ፋውስቶ ያሳየው ቦታ ላይ በታዛዥነት ተገትሯል። ከኋላው የእንግዳው ቡድን ረጅሙ አጥቂ ቀስ እያለ ወደ ሩቁ የጎል ቋሚ እየተንሸራተተ ነበር። የሚያየው የለም። ኳሷ እዚያ ከደረሰች አለቀ፤ ማክሰኞ ልምምዱ የኤርሜስ ነው። ዝም ማለት ብቻ ነበር የሚጠበቅበት።

"ሎሪስ! ከኋላህ!"

ያ ድምፅ በወጣትነቱ ከወንዙ ማዶ ይሰማ ነበር፤ አሁንም አልደከመም። ሎሪስ ሳያስብ፣ ሳይዞርም፣ በልጅነቱ እንደለመደው ወደ ኋላ ተፈናጠረ። አጥቂው ሲዘል አብሮት ዘለለ፤ ኳሷ የሎሪስን ግንባር ገጭታ ወደ ውጭ በረረች። ፊሽካው ተነፋ። ከተማው በሙሉ ጮኸ፤ ፋውስቶ በሜዳው መሐል ተንበርክኮ አለቀሰ፤ ቶሴቲ ያቅፈው ጀመር።

ኤርሜስም ጮኸ። ደስ አለው፤ ከኅዳር ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳያፍር ደስ አለው። ቀጥሎ አጥሩን ያዘ። አለቀ፤ ከእንግዲህ ስልክ የሚደውል የለም፤ አሠልጣኝነቱ እዚህ ላይ አበቃ።

ቱሊዮ አፉን ከፍቶ ያየዋል።

"አብደሃል እንዴ አንተ ሰው? ዝም ብትል ምን ነበረበት?"

ኤርሜስ ባርኔጣውን አውልቆ ዓይኑን ጠረገ።

"ምን ላድርግ፣ ቱሊዮ? አጥቂው ብቻውን ነበር።"