ከጣውላው ጀርባ ያሉት ሮማኖች

እኔና እህቴ ቬራ የምንተዳደረው ለንደን፣ ዋልተምስቶው ውስጥ ቤት በመቀባት ነው። የምንቀባቸው ቤቶች ከሞላ ጎደል በንግሥት ቪክቶሪያ ዘመን የተሠሩ፣ ትከሻ ለትከሻ ተደጋግፈው የቆሙ የጡብ ቤቶች ናቸው። ጣሪያቸው ሩቅ፣ ኮሪደራቸው ጠባብ፣ ግድግዳቸው ደግሞ አንድም ቦታ ቀጥ ብሎ አያውቅም። በዚህ ሥራ የሰለቸኝ ነገር ቢኖር ክሬም ቀለም ነው። ሰው ሐሳብ ሲያጣ ክሬም ይላል።

የሜይናርድ ጎዳናው ቤትም ክሬም ሊቀባ ነበር። ቤቱ ላይና ታች ለሁለት ተከፍሏል። ላይ ጡረታ የወጡት የአውቶቡስ ሹፌር ሚስስ ኦርሊን ፍሬዘር፣ ታች ደግሞ ዓሣ ሻጭ የነበሩት ሚስተር ኮሊን ባድኮክ ይኖራሉ። በሩና ኮሪደሩ የጋራ ነው። ሚስስ ፍሬዘር ቀይ ሲሉ ሚስተር ባድኮክ አረንጓዴ እያሉ፣ ኮሪደሩ እንደ አጫሽ ጥርስ ቢጫ ሆኖ ለዓመታት ተቀመጠ። በመጨረሻ ሁለቱም በማይወዱት ቀለም ተስማሙ።

“ቢያንስ እሱንም ደስ አይለውም” አሉኝ ሚስስ ፍሬዘር፣ ቁልፉን ሲሰጡኝ።

ሰኞ ጠዋት ቬራ ከበሩ አጠገብ ተንበርክካ፣ ግድግዳውን እስከ ወገብ ድረስ የሸፈነውን ስስ ጣውላ በጣቷ አንኳኳችው። ሥሩ በእርጥበት በስብሷል።

“በዚህ ላይ ብንቀባ ክረምት ሳይገባ ይላጣል” አለች። “አንዷን ላንሳት።”

“ተዪው ባክሽ። ክሬም ተባልን፣ ክሬም ቀብተን እንውጣ።”

“አንቺ ደግሞ የትም የምትገቢው ለመውጣት ነው።”

መሮዋን ከጣውላው ሥር ሰክታ በመዶሻ መታ መታ አደረገችው። ምስማሮቹ እየተንጫጩ ለቀቁና ጣውላው ወደ እሷ ተጋደመ። አቧራው ሰከነ። ቬራ መሮዋን ወለሉ ላይ ጣለችው። እህቴ መሣሪያ ስለማትጥል ደንግጬ ብሩሼን አስቀመጥኩና ሄድኩ።

ሮማን ነበር። ለሁለት የተፈለጠ ሮማን፣ ፍሬው አንድ በአንድ እብጥ እብጥ ብሎ የሚታይ። በቅጠሎቹ መሃል ደግሞ ጅራቷን የዘረጋች ወፍ ተቀምጣለች። የተቀረጸ እንጨት ይመስላል እንጂ እንጨት አይደለም። ከተልባ ዘይት የሚሠራ፣ ቅርጽ የታተመበት ወፍራም የግድግዳ ልባስ ነው። እንጨት ለማስቀረጽ አቅም ያነሰው ሰው ድሮ ይህን ይለጥፍ ነበር። ቁርጥራጩን እዚህም እዚያም አይቻለሁ፤ እንዲህ ደህና ሆኖ የቆየ ግን አጋጥሞኝ አያውቅም።

“ጆሲ” አለች ቬራ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ “ደረጃውን ይዞ እስከ ላይ ድረስ ቢሆንስ?”

ጣውላዎቹን በዓይኔ እስከ ደረጃው ድረስ ተከተልኳቸው።

ሚስተር ባድኮክ ማርማላታ የተቀባ ዳቦ እንደያዙ ከበራቸው ብቅ አሉ። “ቀቡ እንጂ አፍርሱ ያላችሁ አለ?”

ሚስስ ፍሬዘርም ድምፁን ሰምተው በነጠላ ጫማ ወረዱ። “ኮሊን፣ አፍህን ዝጋና ወደ ግድግዳው እይ” አሉ።

ሚስተር ባድኮክ ጎንበስ አሉ። የወፏን ጭንቅላት ባንድ ጣታቸው ዳሰሱ። “ይህን ሁሉ ዘመን በአጠገቧ ሳልፍ” አሉ ቀስ ብለው።

“አንተ መች ሰላምታ ታውቃለህና።”

ከዚያ በኋላ ማን ይከልክላቸው። ሚስተር ባድኮክ ከጓዳቸው ጉጠት ይዘው መጡ፤ ሚስስ ፍሬዘር የሹራባቸውን እጅጌ ጠቀለሉ። የድሮ ቀለም መርዘኛ የእርሳስ ማዕድን ስላለበት መፋቅ እንደማይቻል፣ አቧራውም በእርጥብ ጨርቅ እንደሚጠረግ ነግረን፣ የአፍና የአፍንጫ መሸፈኛ አስለበስናቸው። ጣውላው በወረደ ቁጥር ሌላ ወፍ ትወጣለች፤ “እዚህም አለች” ይላሉ አንዱ፤ “እኔ ጋ ሁለት ናቸው” ይላሉ ሌላዋ። ሮማኑ ደረጃውን ተከትሎ እስከ ላይ ወጣ።

ይህን ጊዜ ልብስ ሰፊዋ ጎረቤት ኔርሚን በሩን ደበደበች። “ግድግዳዬ እየተናጠ መደርደሪያዬ ሊወድቅ ነው” ብላ ገባችና ንግግሯን ሳትጨርስ ቆመች። ግድግዳውን አየች። እኔን አየችኝ። “የዚህን መንገድ ቤቶች ሁሉ የሠራው አንድ ሰው ነው፣ አይደል?”

“ይመስለኛል” አልኳት።

ወዲያው ሮጣ ወጣች። ብዙም ሳይቆይ ከግድግዳው ወዲያ መዶሻ ተሰማ። ከዚያ ከማዶ። ከዚያ ከወዲህ። ወሬው በሮቹን እየዘለለ ሄዶ፣ እስከ ምሳ ሰዓት ድረስ ግማሹ መንደር ኮሪደሩን እየፈታ ነበር። ቬራ በየደጁ እየሮጠች “እንዳትፍቁ፣ አርጥቡት፣ አፍንጫችሁን ሸፍኑ” ትላለች። ሰላም ተባብለው የማያውቁ ሰዎች አንዱ የሌላውን ግድግዳ ሊያይ በየቤቱ ይገባል።

ኔርሚን ግን ከሰዓት በኋላ ፊቷ ወድቆ ተመለሰች። “እኔ ጋ ባዶ ሲሚንቶ ነው። አንድ ሰው ቀድሞ ልጦታል።”

ሚስስ ፍሬዘርና ሚስተር ባድኮክ ተያዩ።

“ከደረጃው ሥር፣ መጥረጊያ የምናስቀምጥበት ቁም ሳጥን ውስጥም እኮ አለ” አሉ ሚስተር ባድኮክ።

“እሱን ማን ያየዋል” አሉ ሚስስ ፍሬዘር። “ተነቅሎ ይሰጣት።”

ቬራ አገጯን አሸች። ልባሱ በዕድሜ ብዛት እንደ ደረቅ ቂጣ ይሰበራል፤ ደግነቱ የቁም ሳጥኑን ልባስ ቀለም ነክቶት ስለማያውቅ ውኃ ይገባዋል። በሙቅ ውኃ የተነከሩ ፎጣዎች እየለጠፍን ሙጫውን አለሰለስን። ቬራ ስፋት ያለውን ቢላዋ ከኋላው ሰደደች፤ እኔና ኔርሚን ከላይ፣ ሁለቱ አዛውንቶች ከታች ያዝን። አንድ ጊዜ ቀጭ አለና ሁላችንም ዓይናችንን ጨፈንን። የተሰበረው የጥጉ ቅጠል ብቻ ነበር። ቀሪው ሙሉውን በእጃችን ላይ መጣ፤ እንደታመመ ሰው ተሸክመን፣ በቀስታ እየተራመድን ወደ ኔርሚን ቤት አሻገርነው። ከማዶ የሚያዩ ሰዎች አጨበጨቡ።

ክሬሙን ባልዲ መለስነው። ቀለሙን ለመምረጥ ግን ሌላ ጦርነት ተነሣ፤ የመንገዱ ሰው ሁሉ ገብቶ ፈረደ። በመጨረሻ ሮማኑ ጠቆር ያለ አረንጓዴ እንዲሆን፣ የውጪው በር ደግሞ እንደ ሚስስ ፍሬዘር ምኞት እሳት የመሰለ ቀይ እንዲሆን ተወሰነ።

ቅዳሜ በሩን የመጨረሻ እጅ እየቀባሁ ነበር። ቬራ ኔርሚን ያመጣችውን አይብ ያለበት የቱርክ ጥቅልል ቂጣ፣ ቦሬክ፣ አፏን ሞልታ ትበላለች። ድንገት ከመንገዱ ጫፍ አንዲት ሴት በመጋረጃ ጨርቅ ፀጉሯን እንዳሰረች እየሮጠች መጣች።

“እናንተ ናችሁ ቀቢዎቹ?” አለች ትንፋሿ እየተቆራረጠ። “የኔ ሮማን አይደለም። ዓሣ ነው። ዓሣና የባሕር ሣር፣ ከታች እስከ ላይ።”

ቬራ ቦሬኩን ዋጠችው። እኔ ብሩሹን ውኃ ውስጥ ጣልኩና ተከትያት ሮጥኩ።