የሌላ ልጅ ልብስ

ልብስ ሰፊዋን ለዚህ ሁሉ ጣጣ የዳረጋት የገዛ እግሯ ነው። ልጇን እጇን ይዛ ጂምናስቲክ አዳራሽ ድረስ የወሰደቻት ራሷ ስለሆነች ማንንም መውቀስ አትችልም ነበር። እሷ ግን ወቀሰች።

ልጅቱ አሥራ አንድ ዓመቷ ነው። አንድ ቦታ ቁጭ ማለት ስለማታውቅ ሰው ሁሉ ፌንጣ ይላታል። ከትምህርት በኋላ የምትውልበት፣ የምትወደው አንድ ነገር እንዲገኝላት እናት ያልሞከረችው አልነበረም። ዋና አስገባቻት፤ ውሃው ጆሮዬ ገባ ብላ በሦስተኛው ቀን ቀረች። ሥዕል አስመዘገበቻት፤ ከወረቀቱ ይልቅ ቀሚሷን ቀብታ መጣች። ጊታር ሲባል ደግሞ ጣቴን አመመኝ። እናት ደንበኛ እያስጠበቀች፣ ሱቋን እየዘጋች ከአንዱ በር ወደ ሌላው ስትንከራተት ከረመች። እውነቱን ለመናገር ግን በልቧ አልከፋትም። ባሏ ከሞተ ወዲህ ያለቻት ይቺው አንዲት ልጅ ናት። ፌንጣ አንዱን ነገር ጠልታ በተመለሰች ቁጥር የስፌት መኪናው ሥር ገብታ የወደቀ ቁልፍ እየለቀመች የቀኑን ወሬ ትዘከዝክላታለች።

ከዚያ ጂምናስቲኩ መጣ። በመጀመሪያው ቀን ፌንጣ በእጇ ቆማ አዳራሹን ዘቅዝቃ አየችውና በቃ፣ ልቧ እዚያው ቀረ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ቤት ውስጥ የሚሰማው አንድ ስም ብቻ ሆነ።

"እማዬ፣ ሽንኩርት አታብዢበት፤ አሰልጣኛችን አትወድም።"

"አሰልጣኛችሁ እዚህ ቤት ነው እንዴ ራት የምትበላው?"

ፌንጣ ከት ብላ ሳቀች። እናት አልሳቀችም። አንጀቷ አርሯል። ዘጠኝ ወር የተሸከመች እሷ፣ ትኩሳት ሲይዛት ግንባሯን ይዛ ያደረች እሷ፤ የምትወደሰው ግን በፊሽካ የምታዝ አንዲት ቀጭን ወጣት። ልጅቱ የስፌት መኪናው ሥር መግባት ካቆመች ወራት አለፉ። ስትመጣ ደክሟታል፣ ስትተኛም ፈገግ እንዳለች ነው። ይቺን ፈገግታ ሳይቀር ቀናችባት።

ለወላጆች የሚቀርበው ትርኢት ሁለት ሳምንት ሲቀረው አሰልጣኟ ራሷ ሱቅ መጣች። ከቦርሳዋ ሰማያዊ፣ የሚለጠጥ፣ ደረቱ ላይ የሚያብረቀርቅ የጂምናስቲክ ልብስ አወጣች።

"እትዬ፣ ይሄን በዚህ ልክ ያሳንሱልኝ" ብላ ወረቀት ሰጠቻት። ደረት ስልሳ ስድስት፣ ወገብ ሃምሳ ስድስት።

"ለማን ነው?"

"ለአንዲት ጎበዝ ልጅ። እኔ በልጅነቴ የተወዳደርኩበት ነው፤ ለማንም ሰጥቼው አላውቅም። ምስጢር ስለሆነ ለፌንጣም እንዳይነግሯት። የልብሱን ባለቤት በትርኢቱ ዕለት ያዩዋታል።" ሳቅ ብላ ወጣች።

ልብስ ሰፊዋ ወረቀቱን እንደያዘች ቀረች። የማን እንደሆነማ አላጣችውም፤ ያቺ ሁልጊዜ ፊት የምትሰለፈው የፋርማሲስቷ ልጅ ናታ! አሁን ቅናቱ እጥፍ ሆነ። 'ልጄን ከእኔ ነጠቀችኝ' አለች በሆዷ፣ 'ነጥቃ እንኳ በወጉ አልወደደቻትም። የኔዋ ስሟን ስትጠራ ትውላለች፣ እሷ ሌላ የልብ ልጅ አላት።'

ሃያ ዓመት ስትሰፋ የሰው ልብስ አበላሽታ አታውቅም። ያን ቀን ግን ግራ ጎኑን፣ ከብብት እስከ ዳሌ፣ ልብስ ለማስሞከር ብቻ በምትጠቀምበት ስስ ክር አራርቃ ሰፋችው። ላዩን ሲያዩት ደንበኛ ስፌት ነው። ክንድ ወደ ላይ ሲዘረጋ ግን አለቀለት። 'ትቀደድና ይሳቅባት' አለች። በጥንቃቄ ተኩሳ፣ አጣጥፋ ሰጠች። አሰልጣኟ "እጅዎ ይባረክ" ብላ ጉንጯን ሳመቻት።

በትርኢቱ ቀን እናት ከፊት ሁለተኛው ረድፍ ላይ ተቀመጠች። ልጆቹ እየተጠሩ ወጡ፤ ሁሉም ቀይ ለብሰዋል። የፋርማሲስቷ ልጅም ቀይ ለብሳ ወጣች። ልብስ ሰፊዋ ግራ ገባት። ሰማያዊው ልብስ በመጨረሻ ከመግቢያው ብቅ አለ። የለበሰችው ፌንጣ ነበረች።

እናት ክው አለች። ስልሳ ስድስት፣ ሃምሳ ስድስት። የደንበኞቿን ሁሉ ልክ በቃሏ የምታውቀው ሴት የገዛ ልጇን ልክ በእጇ ይዛ አላወቀችውም። ሜትር ከዘረጋችባት ዓመት ሊሞላ ነው፤ ልጅቱ ደግሞ አድጋለች።

የሰው እግር እየረገጠች ወረደች። ፌንጣን ጎትታ ወደ መግቢያው መለሰቻትና አንገትጌዋ ላይ የማይጠፋውን መርፌ ከነክሩ ነቀለች።

"እማዬ፣ ምን ሆንሽ? ተራዬ ደረሰ እኮ!"

"ክንድሽን ቀስ ብለሽ አንሺ። እንዳትነቃነቂ።"

አሰልጣኟ ምን ተፈጠረ ብላ መጣች። ጎንበስ ብላ ስፌቱን ነካ ስታደርገው ክሩ በጠስ ብሎ ጣቷ ላይ ቀረ። ክሩን አየች፣ እናትን አየች።

"እኔ ነኝ" አለች ልብስ ሰፊዋ። "ሆን ብዬ ነው።"

አሰልጣኟ ክሩን ከጣቷ ላይ አራገፈች። ጥቂት እንዲጠብቃቸው ልትጠይቅ ወደ አስተዋዋቂው ሄደች።

"እኔን ነው?" አለች ፌንጣ።

"አንቺንማ አይደለም! ኧረ በፍጹም! የሌላ ልጅ ልብስ መስሎኝ ነው እኮ።" እናት ይህን የተናገረችው ከጥፋቱ ነጻ የሚያወጣት ይመስል ተቻኩላ ነበር።

ፌንጣ ክንዷን እንዳነሳች ቁልቁል አየቻት።

"የሌላ ልጅ ቢሆንስ ኖሮ?"

መርፌው ቆመ። ጥቂት ራቅ ብላ የፋርማሲስቷ ልጅ የፌንጣን ነጠላ ጫማ ታቅፋ፣ ጓደኛዋ ትዘገይባት ይሆን ብላ አንዴ እነሱን አንዴ መድረኩን ታያለች። እናት አንገቷን ደፍታ ሰፋች፤ እያጠበቀች፣ እየደጋገመች ሰፋች፣ ክሩን በጥርሷ በጠሰች። ስሟ ሲጠራ ፌንጣ ዞር ሳትል ሮጠች።

በእጇ ቆመች፣ ተገለበጠች፣ ጎኗ እስኪወጠር ተዘረጋች። ስፌቱ ያዘ። አዳራሹ በጭብጨባ ተናወጠ። ከሁሉም በላይ እየዘለለች ያጨበጨበችው ነጠላ ጫማውን ብብቷ ውስጥ የሸጎጠችው የፋርማሲስቷ ልጅ ናት። ልብስ ሰፊዋ አጠገቧ ቆማ ነበር፤ ቀና ብላ ልታያት ግን አልቻለችም።