አባዬ፣ አታጨብጭብ!

ልጄ ሲና አትላንታ አጠገብ ደንዉዲ ውስጥ የኮምፒውተር ኢንጂነር ናት። ቅዳሜ ቅዳሜ ግን ስኔልቪል ካለው ቤቴ ትመጣና ከጓደኞቿ ጋር ጋራዥ ገብታ፣ ቤዝ ጊታሯን ይዛ ቤቱን ታንቀጠቅጠዋለች። እኔ ሳምንቱን ሙሉ ኤርፖርት ስመላለስ የምውል ሾፌር፣ በዕረፍት ቀኔ ጸጥታ ያምረኛል። ማን ሰምቶኝ!

"ይሄ ደግሞ ምን የሚሉት ሙዚቃ ነው?" አልኳት አንድ ቀን።

"ዞይል ይባላል አባዬ። የሮክ ዓይነት ነው። ከሃምሳ ዓመት በፊት ፈረንሳይ ውስጥ አንድ ድራመር ነው የጀመረው። ያለው ቋንቋ አልበቃ ሲለው ለዘፈኑ አዲስ ቋንቋ ፈጠረ። ላይክ፣ ከባዶ!"

"አይ የሰው ጥጋብ!" አልኩ።

ቤዙ ከፊት ሆኖ ያጓራል፣ ድራሙ አንዷን ነገር ሰላሳ ጊዜ ይደጋግማል፣ እነሱ ደግሞ ማንም በማያውቀው ቋንቋ በኅብረት ይጮኻሉ። እየቆየ ግን ደረቴ ውስጥ ገባ፣ ምን እዋሻለሁ። እጄ ሳላስበው ማጨብጨብ ጀመረ።

"አባዬ፣ ፕሊስ አታጨብጭብ! ታሳስተናለህ! ያንተ ምት በሶስት ነው የሚቆጠረው፣ የኛ በሰባት!" ብላ ከገዛ ጋራዤ አባረረችኝ።

ሁለት ዓመት ሙሉ በየባሩ ለአስር ለአስራ አምስት ፈረንጅ ሲጫወቱ ቆዩ። አንድ ቀን የልቧን ነገረችኝ። "የኛ ሰው አንዴ እንዲሰማኝ እፈልጋለሁ። ካልወደዱት ባንዱን አፈርሰዋለሁ።"

አንጀቴን በላችው። የዘመን መለወጫ በዓላችንን የሚያዘጋጁትን ወይዘሮ ሶፍያን ሄጄ ለመንኩ። "ምን ዓይነት ሙዚቃ ነው፣ አቶ ይገዙ?" ቢሉኝ፣ "እርስዎ ብቻ ይፍቀዱ!" አልኩ።

ቀኑ ደረሰ። ዱሉዝ ከተማ ያለው አዳራሽ ከአፍ እስከ ገደፉ ሞልቷል። ሲና ከመድረክ ላይ ጣቷን ቀሰረችብኝ። "እንዳታጨብጭብ!" "ቃሌ ነው!" ብዬ እጆቼን ከጭኔ ሥር ደብቄ ተቀመጥኩ።

ጀመሩ። መቼም የኛ ሰው ሙዚቃ እየሰማ እጁን አጣጥፎ አይቀመጥም፤ ከኋላ አንዲት ሴት ማጨብጨብ ጀመረች፣ ወዲያው አዳራሹ በሙሉ ተከተላት። በሶስት! ኧረ የፈጣሪ ያለህ! ድራመሩን ቤኪን ላብ አጠመቀው፣ የሲና ፊት በርበሬ መሰለ። ዘፈኑ ሊበተን ነው። አለቀልን አልኩ።

ከጭንቀቴ ብዛት መቁጠር ያዝኩ። አስራ ዘጠኝ፣ ሃያ፣ ሃያ አንድ። ይሄኔ የሰዉ ሶስትና የልጄ ሰባት እኩል ጨረሱና አንድ ላይ "ድም!" ብለው እንደገና ተነሱ። ደግሜ ቆጠርኩ። ከሃያ አንድ በኋላ፣ ድም! ለካ አልተጣሉም! ለየብቻ ሄደው ይገናኛሉ።

ቃሌን አጠፍኩ። ወንበር ላይ ወጥቼ፣ በተገናኙ ቁጥር እጄን እያነሳሁ "ሆ!" አልኩ። በሶስተኛው ከጎኔ የተቀመጡት አብረውኝ አሉ። በስድስተኛው አዳራሹ በሙሉ! ወይዘሮ ሶፍያ እልልታውን አቀለጡት። ቤኪ ሳቀና ድራሙን ይወቅጠው ጀመር። ያንን የማይታወቅ ቋንቋ ስድስት መቶ ሰው ጮኸው፤ ምን እንዳልን እግዜር ይወቀው።

ሲያልቅ "ይደገም! ይደገም!" ሆነ። እኔ ከወንበሩ ወርጄ እጆቼን ጭኔ ሥር መለስኳቸው፤ ቃል ገብቻለሁ አይደል?

ሲና እንባዋን እየጠረገች ማይኩን ያዘች።

"አባዬ!" አለች፣ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት። "ያላንተ አንጀምርም። አጨብጭብ!"