የቢጫ ክፍል አዲሷ ተማሪ

የፈቃድ ጽሕፈት ቤቱ ሠራተኛ ማኅደሩን እንደ እርጥብ ካልሲ በሁለት ጣቱ አንስቶ ገለጠው። ከመስኮቱ ማዶ የቆመችው ሴት አልተቀየመችም። ዐሥራ ዘጠኝ ዓመት መዋዕለ ሕፃናት የመራ ሰው በሁለት ጣት የሚነሣ ብዙ ነገር አይቷል።

ልጆቹም ወላጆቹም «እትዬ ደወል» ይሏታል። እሷ ድምጿን ካነሣች ግቢው ሌላ ደወል አያስፈልገውም። አዲሱ ደንብ የመዋዕለ ሕፃናት ዳይሬክተሮች ሁሉ እስከ ወሩ መጨረሻ ፈቃድ እንዲያሳድሱ ያዛል፤ ያላሳደሰች ዳይሬክተር መዋዕለ ሕፃናቷ ይታሸጋል። እሷ ደግሞ ለወረቀት የምትሰንፍ አልነበረችም። የሕፃናት አያያዝ ዲፕሎማ አላት፣ የትምህርት አመራር ዲግሪ አላት፣ የመጀመሪያ ርዳታ ሠልጥናለች፣ ሳንባዋ ንጹሕ መሆኑን ሐኪም፣ እጇ ንጹሕ መሆኑን ፖሊስ መስክሮላታል።

«ሁሉም አለ፤» አለ ሠራተኛው። «የመጀመሪያው ብቻ ነው የጎደለው።»

«የምኑ መጀመሪያ?»

«የመዋዕለ ሕፃናት ማጠናቀቂያ ሰርተፍኬት። ሲስተሙ የሚሞላው ከሥር ጀምሮ ነው። አንደኛውን ሳይውጥ ሁለተኛውን አይጎርስም።»

«በእኔ ጊዜ እኮ በሰፈራችን መዋዕለ ሕፃናት አልነበረም። በቀጥታ አንደኛ ክፍል ነው የገባሁት።»

ሠራተኛው ከልቡ አዘነላት። «ታዲያ ያለ መሠረት ነዋ የተገነቡት!»

«ይኸው ሃምሳ ሦስት ዓመት ቆሜያለሁ።»

«እሱን እኔ አያለሁ፤ ሲስተሙ ግን አያይም። አይዞዎት፣ እንደርስዎ ላለ ሰው የአራት ሳምንት የተፋጠነ ትምህርት ተፈቅዷል። የሚቀበልዎት ቤት ይፈልጉ።»

ሦስት መዋዕለ ሕፃናት ዞረች። የሁሉም መመዝገቢያ ቅጽ «ከሦስት እስከ ስድስት ዓመት» ይላል። ዕድሜዋን የማይከለክል ቅጽ አንድ ብቻ ተገኘ፤ እሱም የራሷ ነው። ቤቱን ስትከፍት ቸኩላ «ከሦስት ዓመት በላይ» ብላ ጽፋ ትታዋለች።

ቅጹ አሳዳጊ ይጠይቃል። ሰባ ስምንት ዓመት የሆናቸው እናቷ መነጽራቸውን አድርገው ተቀመጡና ጥያቄዎቹን እንድታነብላቸው አዘዟት።

«‹ልጅዎ ምን ያስፈራታል?›»

«ሰው መለመን።»

«እማዬ፣ የውሻ ዓይነት ነገር ነው የሚጠይቁት።»

«ውሻውማ ነው አንቺን የሚፈራው። ቀጥይ።»

«‹የሚያስቸግር ጠባይ ካላት ይግለጹ።›»

«ቦታው ይበቃል?»

ሰኞ ጠዋት እናትየው እጇን ይዘው ከበር አደረሷት። ልቀቂኝ ጎረቤት ያየናል ብትላቸው «መንገድ ሳንሻገር? አብደሻል!» ብለው ጭራሽ አጥብቀው ያዟት።

የቢጫ ክፍሏን አስተማሪ ከረዳትነት ጀምራ ያሠለጠነቻት ራሷ እትዬ ደወል ናት። ልጅቷ ዝምተኛ ናት፤ የተነገራት ነገር ግን ድንጋይ ላይ እንደ ተጻፈ ይቀራል። ሃያ ሁለት ነጥቦች የተዘረዘሩበትን የክትትል ወረቀት ይዛ ተማሪዋን በሩ ላይ ተቀበለቻት።

«እንኳን ደህና መጡ፣ እትዬ። ቦርሳዎን መስቀያው ላይ ያድርጉ። የእርስዎ የዔሊዋ ሥዕል ያለበት ነው።»

«ጥንቸሉስ?»

«ጥንቸሉ ተይዟል።»

ወንበሩ ላይ ስትቀመጥ ጉልበቷ አገጯን ሊነካ ደረሰ። አጠገቧ የተቀመጠው፣ የእንጨት ኩቦቹን ሁሉ በትእዛዙ ሥር ያዋለ፣ «ሻለቃ» የሚባል ልጅ ነው። ከላይ እስከ ታች ገመገማት።

«ስንት ዓመትሽ ነው?»

«ሃምሳ ሦስት።»

«እኔ አራት ከግማሽ። አንቺ ግማሽ የለሽም?»

«የለኝም።»

«አይዞሽ፣ ይመጣል።»

የመጀመሪያው ሳምንት ውርደት ነበር። ከሰልፍ ወጥታ የሚያንጠባጥብ ቧንቧ አጠበቀች። በመዝሙር መካከል የጣሪያውን ስንጥቅ ለአስተማሪዋ አሳየች። በእንቅልፍ ሰዓት ሦስት ጊዜ ተነሥታ የውጭው በር መቆለፉን አረጋገጠች፤ ስትመለስ የሻለቃን እግር ረገጠች። ዓርብ ዕለት ለአሳዳጊ የሚላክ ማስታወሻ በቦርሳዋ ተጨመረ፦ «ልጅዎ ንቁ ናት። ነገር ግን ሌሎችን ታዛለች።»

እናቷ ማስታወሻውን ሁለት ጊዜ አነበቡት። «አባትሽ ይህን ቢሰማ ምን ይል ነበር?»

«ይስቅ ነበር።»

«እሱማ ይስቅ ነበር፤» አሉና ራሳቸው ቀድመው ሳቁ።

እየዋለ ሲያድር ግን ለመደችው። ተራዋን ጠበቀች፣ ቀለም ተዋሰች፣ የረገጠችውን ይቅርታ ጠየቀች፤ አንድ ቀን እንዲያውም ምንጣፉ ላይ እንቅልፍ ጭልጥ አድርጎ ወስዷት አንኮራፋች። በአራተኛው ሳምንት ዓርብ ሃያ አንዱ ነጥብ ምልክት ተደርጎበት አንድ ብቻ ቀረ፦ «ሲያቅታት ርዳታ ትጠይቃለች።»

አስተማሪዋ ቀኑን ሙሉ ወጥመድ ስትዘረጋ ዋለች። የተጣበቀ የሙጫ ክዳን ሰጠቻት፤ በጥርሷ ከፈተችው። ከባድ ሳጥን እንድታነሣ ነገረቻት፤ እየገፋች፣ ወገቧን ይዛ እያረፈች አደረሰችው። ሻለቃ እንኳ ታክቶት «ልርዳሽ?» አላት።

«እችላለሁ።»

አስተማሪዋ እስክሪብቶዋን ከድና በረጅሙ ተነፈሰች።

የፈቃድ ማሳደሻው የመጨረሻ ቀን ነው፤ ጽሕፈት ቤቱ ደግሞ ዐሥራ አንድ ሰዓት ላይ ይዘጋል። ዘጠኝ ሰዓት ላይ እትዬ ደወል አስተማሪዋን ጥግ ያዘቻት።

«ምልክት አድርጊበት።»

«አላየሁም፣ እትዬ።»

«አዝሻለሁ!»

«ተማሪ አያዝም። ደግሞ ያላየሽውን እንዳትጽፊ ያሉኝ እርስዎ ነዎት።»

እትዬ ደወል ዞር አለች። ሃያ ሦስት ልጆች ጃኬታቸውን እየለበሱ፣ ግማሾቹ ግራ እጃቸውን በቀኙ እያስገቡ ይታገላሉ። ሰኞ ይህ በር በሰም ታትሞ ሲያገኙት ታያት። ቃል ፈለገች፤ የመጡላት ሁሉ ትእዛዝ ነበሩ። በመጨረሻ ያን ሁሉ ጩኸት ካወጣው ጉሮሮ የወጣው ድምፅ የትንኝ ያህል ነበር።

«እባክሽ። አቃተኝ። ርጂኝ።»

አስተማሪዋ እስክሪብቶዋን ከፍታ ምልክቱን አደረገች። ሁለቱም ደነገጡ። ሻለቃ «ጎበዝ!» ብሎ አጨበጨበ፤ ክፍሉም ለምን እንደሆነ ሳያውቅ ተከትሎት አጨበጨበ።

ሰርተፍኬቱ የዳይሬክተር ፊርማ ይላል። ጽሕፈት ቤቱ ጋ ተደወለ። ሠራተኛው ተማሪ የራሷን ሰርተፍኬት መፈረም እንደማትችል፣ አስተማሪዋ በተወካይነት ፈርማ የራሷንም የትምህርት ማስረጃ አብራ መላክ እንዳለባት አስረዳ። ተፈረመ፤ ተላከ። እትዬ ደወል ለዐሥራ አንድ ሩብ ጉዳይ ላይ እያለከለከች መስኮቱ ፊት ቆመች።

«ዋጠው!» አለ ሠራተኛው ፊቱ ፈክቶ። ቀጥሎ ፊቱ ጠቆረ። «ወይ ጣጣ። መዋዕለ ሕፃናት ያጠናቀቁት ዛሬ ነው። ዲግሪዎ ግን የሠላሳ ዓመት ነው። ከመዋዕለ ሕፃናት በፊት የተገኘ ዲግሪ ደግሞ…»

«ደግሞ ምን?»

«ተፋው። አንደኛ ክፍል ይግቡ ነው የሚለው። ምዝገባው ከሁለት ወር በኋላ ነው።»

የመስኮቱን ጠርዝ ያዘች። «ቤቴ ሊታሸግ ነው በለኛ።»

«ኧረ ቤቱ ምን ሆኖ! የፈረመችው ልጅ ማስረጃ እኮ ከሥር እስከ ላይ አንድ ቀዳዳ የለውም። ሲስተሙ ዳይሬክተር አድርጎ መዝግቧታል። የመዋዕለ ሕፃናት ሰርተፍኬቷ ላይ የፈረሙትም እርስዎ ራስዎ ነዎት። እንኳን ደስ አላችሁ።»

እውነት ነው። ከመጀመሪያው ዓመት ልጆች አንዷ ነበረች፤ ጫማዋን ታቅፋ የምትተኛዋ።

እትዬ ደወል ስትመለስ ወሬው በስልክ ቀድሟት ደርሷል። አስተማሪዋ ቢሮው ውስጥ ከጠረጴዛው ጀርባ ቆማለች፤ ወንበሩን የነካች እንደሆነ የሚያቃጥላት ይመስል እጇን ወደ ኋላ አጣምራለች።

«ሰኞ ሄጄ አሰርዘዋለሁ፣ እትዬ። በእናቴ እምላለሁ!»

«ብታሰርዢው ይታሸጋል።»

«ታዲያ ምን ላድርግ?»

እትዬ ደወል መልሱን ታውቀው ነበር፤ ዐሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ የሁሉንም መልስ ታውቅ ነበር። አሁን ግን ምላሷን ነከሰች። ልጅቷ ወንበሩን ሳበችና ጫፉ ላይ ተቀመጠች። ትንሽ አሰበች።

«ቢጫ ክፍል ሰኞ አስተማሪ የለውም፤» አለች።

«ደንቡ ለአስተማሪ ምን ማስረጃ ይጠይቃል?»

አዲሷ ዳይሬክተር የደንቡን ጥራዝ ከፊት ወደ ኋላ፣ ከኋላ ወደ ፊት አገላበጠችው። አርባው ገጽ በሙሉ ስለ ዳይሬክተር ነው።

«ስለ አስተማሪ ምንም አይልም።»

«ምንም?»

«ምንም። ማንም ይግባ ነው የሚመስለው።»

«እንግዲያው እኔን ቅጠሪኝ።»

ልጅቷ ቀና ብላ አየቻት፤ የሃያ ሁለቱ ነጥብ ወረቀት አሁንም ፊቷ ተዘርግቷል።

«የአንድ ወር ሙከራ፤» አለች፤ አለችና በገዛ አፏ ደንግጣ በሁለት እጇ ከደነችው።

እትዬ ደወል እጅ ነሥታ ወጣች። ቢጫ ክፍል ገብታ ለሰኞ የሚሆናትን ወንበር መፈለግ ጀመረች። አንድ በአንድ ተቀምጣ ሞከረቻቸው፤ ሁሉም ትንንሽ ነበሩ።