ገቢው የተቆረጠበት መጽሐፍ

በስደት በምኖርባት ደንዉዲ ከተማ፣ ከአንድ የቢሮ ሕንፃ ሥር የመኪና ማቆሚያ ጥበቃ ሆኜ እየሠራሁ፣ በእረፍት ሰዓቴ ሰባት ዓመት ሙሉ አንድ ሰነድ ተረጎምሁ። በወረራው ዘመን የጣልያን ቅኝ መንግሥት ለተወለድሁባት አውራጃ ያዘጋጀው የአንድ ዓመት የገቢና ወጪ መዝገብ ነው። ወጪው መንገድ፣ ድልድይ፣ ሐኪም ቤት ይላል። ገቢው ደግሞ ገንዘቡ ከማን እንደተወሰደ ይናገራል፤ ከገበያ ቀረጥ፣ ከጨው፣ ከከብት ግብር። ግብሩን ሰብስበው ከአሥር አንዱን ለራሳቸው ያስቀሩ የአገር ሹማምንት ስምም በተራ ሰፍሯል።

ጽሑፉን ያስረከብሁት ለሰርፀ ነው። እሱ የማኅበረሰባችን የኅትመት ኮሚቴ ሰብሳቢ ነው፤ ለእኔ ግን ከዚያ በላይ፣ አሥራ ሁለት ዓመት ከአንድ ጽዋ አብሮኝ የጠጣ የማኅበር ወንድሜ ነው። ከመታተሙ በፊት አንድ ጊዜ ልየው ማለት ይገባኝ ነበር፤ አላልሁም። ከጽዋ ወንድም ማረጋገጫ መጠየቅ በእኛ ዘንድ ነውር ነው።

በምረቃው ዕለት፣ ስቶን ማውንቴን በምትባለው ጎረቤት ከተማ በሚገኘው አዳራሽ፣ መጽሐፉን በእጄ የያዝሁት እንግዶች ለፊርማ ከተሰለፉ በኋላ ነው። ቀጭን ሆነብኝ። ገለጥሁት። የመጀመሪያው ምዕራፍ ወጪ ነበር፤ የመጨረሻውም ወጪ።

ከሰልፉ ፊት የቆሙት አዛውንቱ አቶ አብዱ ማንበብ ጀምረዋል።

«ጉድ እኮ ነው!» አሉኝ። «ጣልያን ይህን ሁሉ ከኪሱ አውጥቶ ነው የሠራልን? አባቴ ለጣልያን ግብር ላሜን ሸጥሁ እንዳለ ሞተ። ለካ ሲቀደድ ኖሯል!»

ሰርፀን በዓይኔ ጠራሁት። ጎንበስ አለልኝ።

«ገቢው የት አለ?»

«ካት አደረግነው፣ ጋሼ። ቁጥር ብቻ እኮ ነው፤ ማን ያነበዋል?»

«ስሞቹስ? እነሱም ቁጥር ናቸው?»

ወደ ፊተኛው ረድፍ አየ። ፊልጶስ እግሩን አነባብሮ ተቀምጧል። ከተቆረጡት ስሞች አራተኛው የአያቱ ነበር።

«ማተሚያውን ፔይ ያደረገው እሱ ነው። በገዛ ገንዘቡ አያቱን ያሰድብ? ደግሞ አንድ ቃል አልጨመርንም። የታተመው ሁሉ የእርስዎ ነው።»

እውነቱን ነው። የከፋውም ይኸው ነው። እያንዳንዱ ቃል የእኔ ነው፤ ሽፋኑ ላይም «ገብረሕይወት ፍስሐ» የሚል በወርቅማ ቀለም ታትሟል። አንድም ሐሰት ሳልጽፍ ሐሰተኛ ሆኜ ወጣሁ።

«ጋሼ፣ ለጽዋችን ሲሉ ዛሬን ይለፉት።»

«ጽዋውንማ አንተ ደፋኸው» አልሁት።

ብዕሬን አነሣሁ። በአቶ አብዱ መጽሐፍ ሽፋን ላይ ስሜን ከዳር እስከ ዳር ሰረዝሁት።

«ኧረ! ምን ነካዎት?»

«አባትዎ አልዋሹም» አልኋቸው፣ ፊልጶስ እንዲሰማ ድምፄን ከፍ አድርጌ። «መንገዱ በእሳቸው ገንዘብ ነው የተሠራው። ያንን የሚናገረው ገጽ ተቆርጧል።»

ከአቶ አብዱ ቀጥላ የቆመችው ሴት ጥቂት አመነታችና መጽሐፏን ጠረጴዛው ላይ አኖረችልኝ። ሰርፀ መዳፉን ሽፋኑ ላይ ጫነ። ብዕሬን ይዤ እጁን እስኪያነሣ ጠበቅሁ።